ለሌላ እንግዳ የተገዛ አበባ

ይህን ከምታነቡት ውስጥ አብዛኞቻችሁ እዚያ ፎቅ ላይ አትወጡም። ለእናንተ አልተሠራም። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ አንድ የግል ሆስፒታል የላይኛውን ፎቁን በሙሉ ለውጭ ታካሚዎች ብሎ አስውቦታል። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን እንዲያስተካክል ዕድል ልስጠው። እኔም ፎቁን ያየሁት አጎንብሼ በሪባን ሥር ሾልኬ ነው፣ ያውም ጀሪካን ይዤ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ጅቡቲ ከተማ ልብስ እየሸጥኩ መኖር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ሱቄ ያለው አዴ ሐዋ ቤት ሥር ነው። አዴ ሐዋ ጅቡቲያዊት ናት፤ ልጅነቷን ድሬዳዋ አክስቷ ዘንድ ስላሳለፈች ግን አማርኛዋ ከኔ አይተናነስም። በዕድሜ እናቴ ስለሆነች አክብሬ አዴ ብላትም፣ እኛ ድሬዎች አንቱታ አይሆንልንምና "አንቺ" ነው የምላት። የቀኝ ዳሌዋ መገጣጠሚያ ተበልቶ ከፎቋ መውረድ ካቆመች ዓመት አልፏታል። ዳቦ ስትፈልግ ቅርጫት በገመድ ታወርድልኛለች፣ ገዝቼ ስጨምርላት ትስባለች። ሐኪሞቹ መገጣጠሚያው ካልተቀየረ ከእነአካቴው አትቆሚም ብለዋታል። ልጆቿ ህንድ እንውሰድሽ ሲሉ፣ ስልኬን ይዤ ደረጃውን የወጣሁትና የዚያን ሆስፒታል ቪዲዮ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ነጭ አንሶላ፣ ነጭ ግድግዳ፣ ፈገግ ያሉ ነርሶች፣ "ለውጭ ታካሚዎቻችን ሁሉም ነገር በአንድ ጥቅል" የሚል ድምፅ።

"አገርሽ ጥሩ ሐኪም አለ?" አለችኝ።

"አለ።"

"እንግዲያው አንቺ ካልሽ" አለችና ለልጆቿ ደወለች። ያቺ "አንቺ ካልሽ" ጉዞው እስኪያልቅ ትከሻዬ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ማክሰኞ

ጅቡቲ ላይ ልብሳችን በላብ ጀርባችን ላይ ተጣብቆ ተሳፈርን፤ ቦሌ ስንወርድ የአዴ ሐዋ ጥርስ ይንቀጫቀጭ ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋኋት ስወጣ የሆስፒታሉ ስም ያለበት ሰሌዳና ትልቅ እቅፍ አበባ የያዘ ሾፌር አየሁ። ደስ አለኝ። ሄጄ "እኛ ነን" አልኩት።

"እህቴ፣ እኔ የውጭ ታካሚ ነው የምጠብቀው" አለኝ በትሕትና።

"የውጭ ናት። ከጅቡቲ።"

አዴ ሐዋን አያት፤ ሻሿን፣ ሰፊ ቀሚሷን። ከዚያ ከኋላችን የሚወጡትን ሰዎች አየ። "ፈረንጅ መስሎኝ" አለ።

"ፈረንጅ ነው ያለህ ማን ነው?"

"ማንም አላለኝም። የውጭ ሲሉኝ…" ብሎ አቆመ። ክፋት የለበትም፤ የታዘዘውን ሳይሆን ሁላችንም የምናስበውን ነው ያሰበው። አዴ ሐዋ ፓስፖርቷን አውጥታ አሳየችው፣ እሱም ደውሎ አረጋገጠ። አበባውን ግን አልሰጣትም። በር ላይ ፎቶ እየተነሣ ነው የሚሰጠው ተብሏል አለና ከፊት ወንበር አስቀምጦ ቀበቶ አሰረለት። እኛ ከኋላ ገባን።

ወደ ቃሊቲ ስንወርድ መንገዱን የሞሉት ሲኖትራኮች ናቸው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ተሰልፈው ተኝተው ነው የማውቃቸው፤ እዚህ ሁሉም አንዴ ነቅተው ቤታቸው ለመግባት የሚጋፉ ይመስላሉ። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር አዴ ሐዋ የሻሿን ጫፍ ትነክሳለች። አንዴም አልጮኸችም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ነጭ ጋውን የለበሱ ሠራተኞች በሁለት ረድፍ ቆመው ነበር። ፎቶ አንሺ አለ። ሱፍ የለበሰ ወጣት፣ የዓለም አቀፍ ታካሚዎች አስተባባሪ ነው አሉን፣ የመኪናውን በር ከፍቶ አየን። ከዚያ አሻግሮ በወዲያኛው መስኮት አየ።

"እንግዳዋስ?"

"እሳቸው ናቸው" አለ ሾፌሩ።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ረድፉ ተበተነ። አስተባባሪው "እንኳን ደህና መጡ፣ ፎቶው ለማስታወቂያ ስለሆነ ለሌላ ቀን እናድርገው" አለና አበባውን መዝገብ ክፍሉ ባንኮኒ ላይ አኖረው። እኔ ደሜ ፈላ። አዴ ሐዋ ግን "ክፍሌ የታል? ልተኛ" ነው ያለችው።

ክፍሉ የለም። ማለት አለ፣ ግን አልተመረቀም።

"አልጋ አለው?" አልኩት አስተባባሪውን።

"አለው።"

"ውሃስ?"

"የራሱ ታንከር አለው።"

"ታዲያ?"

"ሪባን አልተቆረጠም። የክብር እንግዳው ቀን አልሰጡንም። መደበኛው ክፍል ዛሬ ሞልቷል፤ ለዛሬ ሆቴል ያዙና ነገ እዚያ ይገባሉ።"

ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሲባል እሰማ ነበር። እነዚህ ግን በርበሬውን ቀንጥሰው፣ ወጡን ሠርተው፣ ድስቱን ከድነው ሠርገኛውን በር ላይ ያቆሙ ናቸው። ጅቡቲ የምትመርቀው ነገር የላትም ማለቴ አይደለም፤ ግን አልጋ ከተነጠፈ ሰው ይተኛበታል።

በአቅራቢያው ያየናቸው ሆቴሎች ሁሉ መኝታቸው በደረጃ የሚወጣ ነው። ገላን ኮንዶሚኒየም ለምትኖረው ለአክስቴ ልጅ ለአስቴር ደወልኩ። አስቴር ቂሊንጦ ልብስ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ "አሁኑኑ ኑ" አለች፣ ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ መሆኑን ሳታነሣ። ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውም። የብሎኩ ጎረምሶች የፕላስቲክ ወንበር አመጡ፣ አዴ ሐዋን አስቀምጠው አቤል የሚባለው ከኋላ፣ ሌላው ከፊት ሆነው አነሷት። አንድ ደረጃ እንደወጡ የምድር ቤቱ በር ተከፈተ።

"ወዴት ነው የምትወስዷቸው?" አለች አንዲት ሴት።

"ሦስተኛ፣ አስቴር ጋ።"

"አብደሻል አስቴር? የኔ ቤት እዚህ ተቀምጦ? እናቴ፣ ይግቡ፣ ይግቡ።"

ስሟ ከድጃ ነው። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። አልጋዋን ለአዴ ሐዋ ለቃ ከልጆቿ ጋር ምንጣፍ ላይ ተኛች። ይሉኝታ ይዞኝ ስንተባተብ፣ "ባሌ እናንተ አገር ሙቀቱ ሲጥለው ጥላ ውስጥ አስገብቶ ውሃ የሚያጠጣው ሰው አለ፤ ስሙን እንኳ አላውቀውም" አለችኝ።

ረቡዕ

መደበኛ የሴቶች ክፍል ገባን። ምርመራው ጥሩ ነበር፤ ይህን መናገር አለብኝ። ዶክተሩ ጎልማሳ፣ ዓይኑ የደከመ፣ እጁ የረጋ ሰው ነው። የራጁን ፎቶ ብርሃን ላይ አድርጎ አስረዳት፣ ምን ተወግዶ ምን እንደሚገባ በጣቱ አሳያት።

"እሄዳለሁ?" አለችው አዴ ሐዋ።

"ይሄዳሉ። አጥንቱን ለኔ ይተዉት።" ወደ እኔ ዞር ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከአጥንቱ ውጭ ያለውን እኔም እንደ እናንተ ነው የምሰማው።"

ምሳ ሽሮና ጎመን መጣ፣ አዴ ሐዋ ጥርግ አድርጋ በላች። ሆስፒታሉ አስቦላት መስሎኝ ተጽናናሁ። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ብቻ እንደነበር በማግስቱ ገባኝ።

ሐሙስ

ምሳ ሥጋ ወጥ ነበር። አዴ ሐዋ ሳህኑን ገፋ አደረገችው። ነርሷ "እማማ፣ ነገ ቀዶ ሕክምና አለብዎት፣ ትንሽ ይቅመሱ" ስትላት፣ "ልጄ፣ የእስላም ሥጋ ካለሽ አምጪልኝ" አለቻት። ነርሷ ወዲያው ገብቷት አፍራ ወጣች። አስተባባሪውን ጠራችው፤ መጣ።

"ለዓለም አቀፍ እንግዶች ላዛኛ አለን" አለ ፊቱ በርቶ።

"ላዛኛው ውስጥ ያለው ሥጋ በማን ታረደ?"

ዞሮ ነርሷን አያት። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ጥያቄ አጥቶት አይደለም። ሠፈሩ ውስጥ ሁለት ሥጋ ቤት እንዳለ፣ አንዱ ላይ መስቀል ሌላው ላይ ጨረቃ እንዳለ ከልጅነቱ ያውቃል። ከውጭ ታካሚ አፍ ይወጣል ብሎ ስላላሰበ ነው። ጎረቤቶቻችን ጅቡቲ፣ ሶማሌ፣ ሱዳን ሆነው ሳለ፣ ፈረንጅን በላተኛ አድርገው በሐሳባቸው አስቀምጠው ነው ወጥ ቤት የሠሩት።

ለከድጃ ደወልኩ። የበግ ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ በሚኒባስ መጣች፣ ከዚያን ቀን ጀምሮም አልቀረችም።

ገና ሳህኑን ሳናነሣ ሌላ ነርስ መጣች። ለነገ ደም ያስፈልጋል፤ ሁለት ዘመድ መጥተው ምትክ ይስጡ፣ ካልሆነ ቀኑ ይተላለፋል።

"ዘመድ የለንም፣ እንግዶች ነን" አልኩ። "ጥቅሉ ውስጥ ሁሉም አለ ብላችኋል።"

"ደም በጥቅል አይመጣም" አለች። "ሁሉም ታካሚ ዘመዱን ያመጣል።"

እኔ የደም ግፊት መድኃኒት ስለምወስድ አልተቀበሉኝም። ከተላለፈ ደግሞ ዶክተሩ ለሥልጠና ወደ ክፍለ ሀገር ይሄዳል፣ መቼ እንደሚመለስ የሚነግረን የለም። አዴ ሐዋ ጣሪያውን እያየች፣ "እንመለስ በቃ። ቅርጫቱ አለ አይደል?" አለች። ያኔ ነው ኮሪደር ወጥቼ ያለቀስኩት። ከሐዘን ይልቅ እልህ ነበር።

እስቲ አስቡት። እኛ አገር ሆስፒታል የሚቆመው በአስታማሚ ነው። ደም የሚሰጠው፣ ከውጭ መድኃኒት የሚገዛው፣ የላቦራቶሪ ውጤት ይዞ የሚሮጠው፣ ምግብ የሚያመላልሰው፣ ሌሊት በሽተኛ የሚያገላብጠው ዘመድ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን በነፃ ስላገኙት ያለ አይመስላቸውም፣ ሲቆጥሩ ይዘሉታል። ለውጭ ታካሚ አልጋ ገዙ፣ መጋረጃ ገዙ፣ አበባ ገዙ። ዘመድ ከየት ይገዙ?

ማታ አስቴር ከሥራ ወጥታ መጣች፤ አቤልም ተከትሏት መጣ፣ ያ ወንበር የተሸከመው። አስቴር ሰጥታ ስትነሣ፣ ደም የሚቀዳው ባለሙያ አቤልን፣ "ታካሚዋ ምንህ ናቸው?" አለው።

አቤል ትንሽ አሰበ። "ተሸክሜያቸዋለሁ" አለ።

ባለሙያው ክንዱን አሰረለት።

ዓርብ

ጠዋት አስገቧት፤ እኔና ከድጃ ኮሪደር ላይ ቆየን። ከድጃ በሷ ጸለየች፣ እኔ በኔ። ዶክተሩ ወጥቶ ጭምብሉን ሲያወርድ ፊቱን አይቼ አወቅኩ። "ቆንጆ ሆኗል" አለ። አጥንቱ እንደ ቃሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር የንዴቴ ግማሽ ከዚህ የመጣ ነው፤ እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው እያለን፣ የተቀረው ነገር ሁሉ እንዲህ መዝረክረኩ።

እሑድ

የክፍላችን ውሃ ከቅዳሜ ጀምሮ ጠፍቷል። አዴ ሐዋ መታጠብ ነበረባት፤ ነርሷም ንጽሕናዋን አደራ ብላናለች። አጠገባችን ያለችው ከቱሉ ዲምቱ የመጣች እናት፣ "እኛማ ለምደነዋል፣ ውሃ ከቤት ነው የምናመጣው" አለችኝ። እሷ እንዲያ ረጋ ብላ ስትናገር እኔ ይበልጥ ተቃጠልኩ። ከፍሎ የታከመ ሰው ውሃ ከቤት ማምጣት ምኑ ይለመዳል?

የራሱ ታንከር ያለው ፎቅ ትዝ አለኝ። ጀሪካን ተዋስኩና ወደ ላይ ወጣሁ። መግቢያው ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሪባን ከግድግዳ ግድግዳ ተወጥሯል፣ መቀሱ እንኳ በሣሕን ላይ ተቀምጦ በጨርቅ ተሸፍኗል። ጥበቃው ወንበር ላይ ተቀምጦ አየኝ።

"ውሃ ልቀዳ ነው" አልኩት፤ ለጠብ ተዘጋጅቼ።

"ቅጂ" አለኝ። "ሪባኗን ብቻ እንዳትነኪያት፣ እኔ ነኝ የምጠየቀው።"

በሥሯ ሾለክሁ። ቪዲዮው ላይ ያየሁት ሁሉ እውነት ነበር። አልጋው በቁልፍ ከፍ ዝቅ የሚል፣ መታጠቢያው የእጅ መያዣ ያለው፣ መስኮቱ ወደ አቃቂ ሜዳ የሚያሳይ። ፍራሹ ከነፕላስቲኩ ነው፣ ፕላስቲኩ ላይ አቧራ ተኝቷል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባል ሰው አለ፤ ይህ ቤት ግን ለቤቱም ለውጩም ቀጋ ሆኖ አልጋውን ጠቅልሎ አስቀምጧል። ቧንቧውን ስከፍተው ውሃው ሞቅ ያለ ነበር። ሙቅ ውሃ፣ ማንም ለሌለበት ክፍል።

ወርጄ ለዚያች እናት ነገርኳት። እሷ ለሌላዋ ነገረች። ከሰዓት በኋላ የክፍሉ አስታማሚዎች ሁሉ ጀሪካንና ባልዲ ይዘው እየተሰለፉ በሪባኑ ሥር ያጎነብሱ ነበር፤ ማጎንበስ ለሚከብዳቸው ጥበቃው ራሱ ጫፏን በሁለት ጣቱ ከፍ ያደርግላቸዋል። ከሱ በቀር የነካት የለም።

ያን ቀን ማታ አዴ ሐዋ ታጥባ፣ ሻሿን ቀይራ፣ የመራመጃ ብረቷን ይዛ ቆመች። ከአልጋዋ እስከ በሩ ሄደች። ከድጃ ፔርሙዟን እንደያዘች ቆማ፣ እንባዋ እየወረደ "ማሻ አላህ" ትላለች፤ የቱሉ ዲምቷ እናት "ተመስገን" ትላለች።

የመውጫችን ቀን

በሳምንቱ ሐሙስ ወጣን። በር ላይ ስንደርስ ነጭ ጋውኖቹ እንደገና በሁለት ረድፍ ቆመዋል። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ደግኗል፤ አስተባባሪው አዲስ እቅፍ አበባ ይዟል። ለካ ከጅቡቲ ሰዎች እየደወሉ "የሐዋን ሐኪም" ይጠይቁ ጀምረዋል፤ የሆስፒታሉ ባለቤትም የውጭ ታካሚ ማለት ማን እንደሆነ በድንገት ተገልጦለታል።

"እማማ፣ አንድ ጊዜ ወደዚህ ፈገግ ይበሉልን" አለ አስተባባሪው።

አዴ ሐዋ ብረቷን አቁማ አየችው። አልተቆጣችም። "የኔ ልጅ፣ ይህ አበባ የኔ አይደለም። እኔ ማክሰኞ ዕለት መጥቼ አለፍኩ" አለችው። "የምትጠብቋት እንግዳ ገና ነች። እስክትመጣ ውሃ ውስጥ አድርጉት።"

ብረቷን አነሣችና በሁለቱ ረድፍ መሀል አልፋ ከድጃና አስቴር ወደቆሙበት ሄደች። ቀስ ብላ ስለምትሄድ ያ መንገድ ረዘመ፣ እነዚያ ሁሉ ሰዎች ወዴት እንደሚያዩ ጠፋቸው። አቤል ወንበሩን ይዞ ነበር የመጣው፤ ስላላስፈለገ ራሱ ተቀመጠበት። ከኋላ የቀረው አስተባባሪ ከድጃን ጠጋ ብሎ፣ ለአገልግሎት ማሻሻያ ነው እያለ ስልክ ቁጥሯን ሲቀበላት አየሁ። ምን እንደሚያሻሽል አልጠየቅኩትም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ዛሬ አዴ ሐዋ በራሷ እግር ደረጃውን ወርዳ ሱቄ በር ላይ ትቀመጣለች። ቅርጫቱን ለሽንኩርት ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ። ሰዎች እየመጡ "እንሂድ ወይ?" ይሉኛል፤ ሐኪሙን ብላችሁ ሂዱ፣ ግን ዘመድ ይዛችሁ ሂዱ እላቸዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን ከድጃ ደወለችልኝ። ከሐርጌሳ የመጡ ባልና ሚስት ቤቷ ተቀምጠዋል፤ ሰውየው ቀዶ ሕክምና አለበት። አድራሻዋን ማን እንደሰጣቸው ስጠይቃት ሳቀች።

"ሆስፒታሉ ነዋ። 'ማረፊያና ሃላል ምግብ እዚህ ደውሉ' ብለው ስልኬን ለውጭ ታካሚ በሙሉ እየሰጡ ነው አሉኝ።"

"ፎቁስ?"

"አልተመረቀም።"

"እምቢ አትያቸውም?" አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ አዴ ሐዋ ከበር ላይ ዞር ብላ አየችኝ።

"በሬ ላይ ቆመው እንዴት እምቢ እላለሁ? ሾርባው ተጥዷል፣ እሱ አይቸግርም" አለች ከድጃ። "የቸገረኝ ደሙ ነው። አቤል ከሰጠ ሦስት ወር ስላልሞላው ደግመው አይቀዱትም፣ አስቴርም እንደዚያው። አሁን ከሌላ ብሎክ ሰው እያፈላለግኩ ነው።"